የዱቄት ሙጫ

መስከረም 9

እቴቴዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? መነጽርሽስ? ድመቷስ? «ሁላችንም ደህና ነን» የሚል መልስ አልቀበልም፤ አንድ በአንድ ጻፊልኝ።

አዎ፣ ሳጥኑ ደርሷል። አልረጠበም፤ ጀልባ ነጂውም እንደፈራሽው አልተቀመጠበትም። ዝናቡ ዶፍ ነበር፤ ልጆቹ ግን ፕላስቲክ ራሳቸው ላይ ደፍተው ወደቡ ላይ በሰልፍ ይጠብቁኝ ነበር። ትምህርት ከተከፈተ ሳምንት አልፎት ሦስት ሦስት ሆነው ነው በአንድ መጽሐፍ የሚያነቡት። ስለዚህ ከጀልባው በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ተሸክመነው ሮጥን። አርባ ሁለት መጽሐፍ፣ ሁሉም አዲስ ጀርባ ለብሶ! መምህርቷ አንዱን ገልጣ አሸተተችና «ይሄ ነገር ምን ምን ይላል? ልበላው እኮ ነው» አለች። የአክስቴ ሙጫ ነው አልኳት። መቼም መምህርቷን ታውቂያታለሽ፤ ያኔ እዚህ ስመጣ የመጀመሪያ ተማሪዬ የነበረችው፣ ወፍ በድንጋይ ስትመታ ይዣት የጻፍኩልሽ ናት። የላይኛውን ድርድር አደልን፤ የታችኛውን ከነሳጥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው።

«አንቺ የተማርሽው ስለ ወፍ ነው ወይስ ስለ ጉምሩክ?» ብለሽ ስትቀልጂብኝ ከርመሻል፤ በመጨረሻ ልመልስልሽ። ወደዚህ ደሴት የሚገባ ዕቃ ሁሉ፣ የዱቄት ጆንያም ይሁን የሙሽራ ሻንጣ፣ ወደቡ ላይ ባለችው የፍተሻ ክፍል ገብቶ በሩ ተዘግቶ ይፈታል። የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይጥ። አልቃሽ የምንላት የባሕር ወፍ፣ ድምፅዋ ለቅሶ የሚመስለው ማለቴ ነው፣ መሬት ቆፍራ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ትጥላለች። ከድሮ መርከቦች የወረዱ አይጦች ያቺኑ አንድ እንቁላል እየበሉ ደሴቱን ወፍ አልባ አደረጉት። እነሱን ለማጥፋት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብን፤ አሁን አንድም ሳናይ አራት ዓመታችን ነው። ልጆቹ የክፍሏ በር ላይ በትልቁ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ጽፈውበታል። ጠባቂው ካፒቴን የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከመቅዘፊያ ታንኳ በላይ ነድተው አያውቁም፤ ማዕረጉን ግን ይወዱታል።

የአንቺም የካርቶን ቁርጥራጭ ሥራ ላይ ነው። በየቦታው ቀለም የነካው ጨርቅ እናነጥፍና ቀጥለን ካርቶንሽን እናስቀምጣለን፤ ያለፈ ሁሉ ዱካውን ይተዋል። እስከ ዛሬ የፈረመልን ሸርጣን ብቻ ነው።

አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ተመልሰዋል። አሥራ አንድ ጎጆ አገኘን፤ በአሥራ አንዱም እንቁላል አለ! በሠላሳ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሦስት ወር ብቻ ተልኬ፣ «ወፏ ጠፍታለች» ብዬ ሪፖርት ጽፌ እንድመለስ ነበር የተባልኩት። ትናንት ሪፖርቱን ቀድጄ ጣልኩት። እንባዬን ልጆቹ እንዳያዩብኝ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሼ ቆየሁ።

«መቼ ነው ጠቅልለሽ የምትመጪው?» ላልሽው፣ በታኅሣሥ ይፈለፈላሉ፣ በየካቲት ይበራሉ። ይብረሩና እናወራለን።

ጉንዳንሽ

መስከረም 27

ለጉንዳኔ፣

እንዳዘዝሽኝ አንድ በአንድ። ጉልበቴ ደረጃ እስካላሳየሁት ድረስ ጨዋ ነው። መነጽሬ አንድ እግሩ በክር ታስሮ ያገለግላል። ድመት ደግሞ ምን ትሆናለች ብለሽ ነው።

አሥራ አንድ ጎጆ ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለጎረቤቴ ለማኅተም ቀራጩም አነበብኩለት። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለአሥራ አንድ እንቁላል? ዶሮ ብታረባ ኖሮ እኮ...» ብሎ ሲጀምር የመጠረዣዬን ወስፌ አሳየሁትና አፉን ዘጋ። የወንድሜን ልጅ እኔ ብቻ ነኝ የምሰድባት። ጉንዳን ተከትለሽ ሦስት መንደር አቋርጠሽ የጠፋሽ ዕለት ፈልጎ ያገኘሽ እሱ ስለሆነ መብት ያለው ይመስለዋል።

ደስ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል ስልሽ እመኚኝ።

በኋላ በላክሻት ካርድ ስለ አንዱ የሂሳብ መጽሐፍ ጠይቀሽኛል። ጀርባው ከሌሎቹ በቀለም የተለየው ጨርቅ አልቆብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ሥራው እንዳለ ነው። አርባ ዓመት ስጠርዝ የኖርኩበት ወንበር እኔን መስሎ ጎብጧል። የአንቺ ጠረጴዛ እንደተውሽው ነው፤ ዕቃ ደርድሬበታለሁ እንጂ አልነካሁትም። የካቲት ብለሻል፤ የካቲትን እጠብቃለሁ።

እቴቴ

ጥቅምት 14

እቴቴ፣

አልታመምኩም። «ለምን ዝም አልሽ?» ላልሽው ሥራ በዝቶብኝ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ መምህርቷም ደህና ናት፣ ካፒቴንም ደህና ናቸው፤ ትንሽ ጭምት ሆነዋል። ዘጠኙም ጎጆ ደህና ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የሙጫሽን አሠራር ጻፊልኝ። ለማንም እንደማትሰጪ አውቃለሁ፤ ለምን እንደፈለግኩትም አትጠይቂኝ። ብቻ ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፣ በሚቀጥለው ጀልባ ይድረሰኝ።

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፤ ሱቅሽ ውስጥ አይጥ ታይቶ ያውቃል?

ጉንዳንሽ

ጥቅምት 30

ጉንዳኔ፣

በልጅነትሽ መዋሸት አትችዪም ነበር፤ ይኸው አድገሽም አልተማርሽም። አሥራ አንድ ብለሽ ጻፍሽልኝ። አሁን «ዘጠኙም ደህና ነው» ትይኛለሽ። ሁለቱስ? ስለ አይጥም እግረ መንገድሽን አይደለም የጠየቅሽኝ። ዋናው መንገድሽ እሱ ነው።

እንግዲህ የኔን ስሚ። ድመቷ ሞታለች። በሐምሌ፣ ከመስኮቱ ሥር ፀሐይ ስትሞቅ እንደተኛች ቀረች። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ለእረፍት መጥተሽ ከመንገድ አንስተሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ «ብቻሽን እንዳትሆኚ» ብለሽኝ ነበር። ሞተች ብዬ ብጽፍልሽ ብቻዬን ነኝ ብዬ መጻፍ መሰለኝ፤ ተውኩት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ሱቁን ስከፍት መጭመቂያው ሥር የአይጥ ኩስ አገኘሁ። ለማን እነግራለሁ? ጠራዥ ቤት አይጥ ገባ ከተባለ ማን መጽሐፉን ያምነኛል? የሂሳቡን መጽሐፍ ጀርባ የበላችው እሷ ናት። ሌላ ጨርቅ አለበስኩትና ላክሁልሽ። የአንቺም ሳጥን ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሦስት ቀን ሰንብቷል። አላየሁም አልልሽም። ማየት አልፈለግኩም እንጂ ብፈልግማ አየው ነበር።

ወፎችሽን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሙጫው ይኸውልሽ። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት፣ አምስት ስኒ ውሃ። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፤ አንድ ጓጓላ እንዳይተርፍ። ዝግ ባለ እሳት፣ በእንጨት ማንኪያ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያማሰልሽ። ከማንኪያው ላይ እንደ መጋረጃ ሲንጠለጠል አውርጂው። ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ማር፣ የመጽሐፉ ጀርባ እንዳይሰነጠቅ። ሦስት ራስ የተወቀጠ ቅርንፉድ፣ እንዳይሻግት። ማኅተም ቀራጩ ሃያ ዓመት ሙሉ የለመነኝ ምስጢር ይኸው ነው፤ ማርና ቅርንፉድ።

ለምን እንደፈለግሽው አልጠየቅኩሽም። አየሽ፣ እታዘዛለሁ።

እቴቴ

ኅዳር 12

እቴቴ፣

ደብዳቤሽን ወደቡ ላይ ቆሜ ነው የከፈትኩት። «ወፎችሽን የበላሁት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስደርስ የጀልባ ገመድ ጥቅልል ላይ ቁጭ አልኩ። አይደለሽም። ይህን ይዘሽ አንድ ቀን እንኳ እንድታድሪ አልፈልግም፤ ስለዚህ የደበቅኩሽን ልንገርሽ።

ሳጥንሽ በፍተሻ ክፍሏ አላለፈም።

ካፒቴን በሩን ከፍተው ቆመው ነበር። «አስገቢው» አሉኝ። ልጆቹ በዝናብ ይበሰብሳሉ፣ ደግሞም ደስታው ራሴ ላይ ወጥቶ ነበር። «ካፒቴን፣ ይሄ እኮ የእቴቴ ሳጥን ነው! እሷ ቤት እንኳን አይጥ አቧራም አይገባ» አልኳቸው። መዝገቡን ተቀብዬ «ታይቷል» ብዬ ራሴ ጻፍኩ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። «የእናታችሁ ዕቃ ቢሆንም ይከፈታል» እያልኩ ልጆቹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አይጥ ሳጥን ውስጥ ብትገባ ተፈጥሮዋ ነው። አንቺም የሱቅሽን ገመና ብትደብቂ የማንም ሰው ጠባይ ነው። ክፍሏ የተሠራችው ሰው እንደሚደብቅና እንደሚረሳ ስለሚታወቅ ነው። መክፈት የኔ ሥራ ነበር፣ አልከፈትኩም።

በጥቅምት መጀመሪያ አንዱ ካርቶንሽ ላይ ዱካ አገኘሁ። የፊት እግር አራት ጣት፣ የኋላ እግር አምስት። በዚያው ሳምንት ሁለት ጎጆ ባዶ ሆነ፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ብቻ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀረ። ወደ ትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ሮጥኩ። ከሳጥንሽ ግርጌ፣ በጥጉ በኩል፣ የተቦጫጨቀ ወረቀት ተከምሮ መኝታ ተሠርቶበታል። ያኔ ሁሉ ነገር ገባኝ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ስሚ። የደሴቱ ምክር ቤት መዝገቡን አየ። ሁሉም ሳጥን «ታይቷል» ይላል። ስለዚህ የጠረጠሩት የካፒቴንን ዓይን ሆነ። «አርጅተዋል፣ ሳያዩ አሳልፈው ይሆናል፣ ሌላ ሰው እንፈልግ» ተባለ። ሽማግሌው ትንፍሽ አላሉም። እኔም ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። በየቀኑ «ነገ እነግራለሁ» እል ነበር፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አገኝለት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለሽ ያሳደግሽኝ እኔ!

አንቺ በሌለሽበት ጥፋት ራስሽን ስትከሺ ሳይ ግን አልቻልኩም። በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄጄ ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ከሰዓት ለምክር ቤቱ። ከልጆቹ ፊት ምክር ቤቱ ይሻል ነበር። ያን ጠዋት መምህርቷ «ክፍሏን ዘሎ ዕቃ ያስገባ ሰው ቅጣቱ ምንድን ነው?» አለች። «አንድ ወር ክፍሏን መጥረግ!» አሉ ባንድ ድምፅ። እኔው ያስተማርኳቸውን። ይኸው በየጠዋቱ እጠርጋለሁ፣ ካፒቴን ወንበራቸው ላይ ሆነው «ያ ጥግ ቀርቶሻል» ይሉኛል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ያን ዕለት አስገቢው ብዬሽ ነበር» ብቻ አሉኝ።

ሙጫውን ለምን እንደፈለግኩት አሁን ይገባሻል። አይጧ የሰጠናትን ሁሉ ንቃለች፤ ለውዙን፣ ደረቅ ዓሣውን፣ መርዙን። የበላችው ምን መሰለሽ? ቁም ሣጥኑ ውስጥ የዘጠኝ መጽሐፍ ጀርባ። ወረቀቱን አልነካችም፤ ሙጫውን ብቻ ነው ግጣ የጨረሰችው። ያደገችበትን ጣዕም ነው የምትፈልገው። አንቺ እንደጻፍሽው ሠርቼ በሃያ ወጥመድ ውስጥ አደረግኩ። መጣች፤ ዱካዋ ካርቶኑ ላይ አለ። ወጥመዱ በር ድረስ መጣችና ዞራ ሄደች። ሁለተኛም ሠራሁ፣ ሦስተኛም። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።

ትናንት አንድ ጎጆ ጨመረች። ስምንት ቀርተዋል።

ለምክር ቤቱ ቃል ገብቻለሁ። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ካልተያዘች ለኔ እዚህ ምን ሥራ አለኝ? ሌላ ሰው ይምጣ። እኔ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ጠረጴዛዬን አጽጂልኝ፤ መጠረዝ አልረሳሁም።

ጉንዳንሽ

ኅዳር 25

ጉንዳኔ፣

ጥጉ ላይ በእርሳስ የጻፍሻትን «ከሙጫው ያስቀረሽው ነገር ይኖር ይሆን?» የምትል ጥያቄ አይቻታለሁ። አልተቆጣሁም። አንቺም እኔን እንዳትቆጪ ብዬ ልለምንሽ ነበር፤ ከዚያ አንብባ ትወስን ብዬ ተውኩት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ያደረግኩትን ልንገርሽ። ጠረጴዛሽን አጸዳሁ። የተደረደረበትን ሁሉ አወረድኩ፣ ወስፌሽን አሾልኩ፣ አምፖሉን ቀየርኩ። ለማኅተም ቀራጩ በመስኮት «ልትመጣ ነው!» ብዬ ጮህኩለት። እየዘፈንኩ ነበር፤ እኔ ስዘፍን ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከዚያ ጨርቄን ይዤ ቁጭ ስል ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ። ለአይጧ ነበር የምጸልይላት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የደበቅኩሽ ይኼ ነው። «ወፎቹ ይለቁና ልጄ ትምጣ» እል ነበር። በየበዓሉ፣ በየልደትሽ፣ ጉልበቴ ባመመኝ ቁጥር። አሥራ አንድ ጎጆ ብለሽ ስትጽፊልኝ «ደስ ብሎኛል» ያልኩሽ ጥርሴን ነክሼ ነው። እግዜር ደግሞ አንዳንዴ የለመኑትን ሲሰጥ በገዛ ሳጥን አሽጎ ነው የሚልከው። ጸሎቴ ጅራት አብቅሎ ወደ አንቺ ሄደ።

ሙጫውም ጎድሎ ነው የደረሰሽ። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። ከወረደ በኋላ ክዳኑን ሸፍኖ ሦስት ቀን ማሳደር አለበት፣ ጫፉ ላይ ኮምጠጥ እስኪል። ያ ነው ሽታው። መጽሐፎቼ ሁሉ የሚሸቱት እሱን ነው። ያን መስመር ስደርስ እጄ አልጽፍም አለ። ምስጢር መደበቅ ልማዴ ስለሆነ ይሁን ወይስ እንድትመጪ ስለፈለግኩ፣ እኔም አላውቀው። ሁለቱም ይመስለኛል።

በጸዳው ጠረጴዛሽ ላይ ሙጫውን ራሴ ሠራሁት። ሦስት ቀን አሳድሬዋለሁ። በዚህ ጀልባ በብልቃጥ ልኬልሻለሁ፤ ጀልባ ነጂውን ጭኑ ላይ አድርጎ እንዲያመጣው አስምዬዋለሁ። ክዳኑ ላይ «በፍተሻ ክፍል ይከፈት» ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ።

ያዣት። እኔ ጠረጴዛውን መልሼ ዕቃ እደረድርበታለሁ።

ከቻልሽ ይቅር በይኝ።

እቴቴ

ታኅሣሥ 18

እቴቴ፣ እቴቴዬ፣

ተይዟል! «ተይዛለች» አላልኩም፤ ለካ ወንድ ኖሯል። አንድ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ፣ ብቻውን። ብልቃጥሽን በክፍሏ ውስጥ በሩን ዘግተን ከፈትን፤ ካፒቴን ዓይናቸው ስለተወራበት ሁለት መነጽር ደርበው ነው የመጡት። ሽታው ሲወጣ «ይሄንንስ እኔም እገባበታለሁ» አሉ። ስድስተኛው ጎጆ አጠገብ አደረግነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወጥመዱ ተዘግቶ አገኘን፤ ጢሙ ላይ ሙጫሽ ደርቆበታል። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የኛው የአንቺን ጣት አሸተተ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ቀን ካርቶኑ ላይ የፈረመ ሸርጣን ብቻ ነው። ካፒቴን በመዝገቡ መጨረሻ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት፣ ሥራቸውንም ምክር ቤቱ ይቅርታ ጠይቆ አጸናላቸው።

የሚቀጥለውን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ሰባት ጫጩት። ስምንተኛው እንቁላል ትናንት ተሰንጥቋል፤ ይህን ስጽፍ ልጆቹ ተራ ገብተው እያዳመጡት ነው። ግራጫ፣ ሆድ ብቻ፣ ያንቺን የአቧራ መጥረጊያ የሚያክሉ። መምህርቷ የመጀመሪያውን ስታይ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያኔ በድንጋይ የመታቻትን ወፍ አሁንም ታስታውሳታለች። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ ሰው ቢጠይቀኝ ከእንግዲህ እሷን ነው የማሳየው።

«ከቻልሽ ይቅር በይኝ» ላልሽው። እቴቴ፣ ጠረጴዛዬን ጠርገሽ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንዳልመጣ የሚያደርገኝን ነገር ሠርተሽ ላክሽልኝ። እንደዚያ ቀን የተወደድኩበት ቀን የለም። እኔ ነኝ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ። «ይብረሩና እናወራለን»፣ «ዝናቡ ይለፍና እናያለን» እያልኩ በየዓመቱ በተስፋ አቆይቼሻለሁ። እውነቱን ፊት ለፊት ብነግርሽ ኖሮ ለአይጥ ባልጸለይሽ ነበር። ስለዚህ አሁን ልንገርሽ፤ ጠቅልዬ አልመጣም። ቤቴ እዚህ ነው።

አንቺ ግን መምጣት ትችያለሽ። ዘጠኝ መጽሐፍ ጀርባው ተበልቶ ቁጭ ብሏል፤ ልጆቹ ራሳቸው መጠረዝ እንማር ብለው መምህርቷን አስጨንቀዋታል። ክንፍ ያለውን ነገር እኔ አስተምራቸዋለሁ፤ ወስፌ እንዴት እንደሚያዝ የሚያስተምራቸው ግን የለም። የፍተሻ ክፍሏ መዝገብም ሞልቷል፤ አዲስ ያስፈልገናል። የባሕር መንገዱ ግማሽ ቀን ነው። ባሕሩ ሲቆጣ አይመከርም፣ በጥር ግን ይተኛል።

ነይ፣ እቴቴ።

ጉንዳንሽ

ጥር 6

ጉንዳኔ፣

ከወደቡ እስከ ቤትሽ ስንት ደረጃ አለ ብዬ በጀልባ ነጂው በኩል በቃል ልኬልሽ «አሥራ ሁለት» ብለሽ መልሰሻል። እሱ ግን አሥራ ዘጠኝ ነው አለኝ። ምን ጊዜም ውሸት አይሆንልሽም። ግድ የለም፣ በየደረጃው አንድ ዓመት እያሰብኩ እወጣዋለሁ።

ስምንተኛው መፈልፈሉን ካርድሽ ነገረኝ። ለብቻዬ ሆኜ አጨበጨብኩ። ጥርሴን ሳልነክስ።

ሱቁን ማኅተም ቀራጩ ይጠብቅልኛል። አዲስ ድመትም አምጥቷል፤ አንድ ዓይኗ የጠፋ፣ በቀረው ግን የምታየው ይበቃታል። ለውለታው የሙጫውን አሠራር ነገርኩት። «ሃያ ዓመት ያስለመንሽኝ ለማርና ለቅርንፉድ ነው?» ብሎ አኮረፈኝ። ሦስቱን ቀን አልነገርኩትም። ሰው ባንድ ጊዜ ሁሉንም ጠባዩን አይተውም።

በጥር 20 ጀልባ እመጣለሁ። ጫጩቶቹ እስኪበሩ እቆያለሁ፤ ይለቁ ብዬ የለመንኩባቸውን ወፎች ቆሜ ሲበሩ ማየት አለብኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ ለልጆቹ የሚተርፍ ወስፌ ግን ደርቤ ይዣለሁ።

ሳጥኔን ካፒቴን ይክፈቱት፤ አንቺ እጅሽን እንዳታስገቢበት። አዲሱን መዝገብ ከላይ አድርጌዋለሁ፣ ባለ ሦስት መቶ ገጽ፣ ጀርባው በወፍራም ክር የተሰፋ። የመጀመሪያው መስመር ላይ እኔን ይጻፉኝ። ነጠላዬ ይራገፍ፣ ኪሴም ይፈተሽ፤ ልጆቹ እያዩ። ዝናብ ቢሆንም፣ ቢደክመኝም፣ «የእቴቴ ነው» ብሎ የሚያሳልፈኝ እንዳይኖር።

አንቺ ከበሩ ወዲያ ቆመሽ ጠብቂኝ። የምታቅፊኝ «ታይቷል» ከተባልኩ በኋላ ነው።

እቴቴሽ